በፎቃችን በረንዳ ሥር የሚራቡትን ስዊፍቶች በጎ ፈቃደኞች እንዴት ይከታተሏቸው?

ጥያቄ፦ «ከሐዋሳ ወጣ ብላ በሐይቁ ዳርቻ በምትገኝ መንደር አስተምራለሁ። በትምህርት ቤታችን ፎቅ በረንዳ ሥር ሠላሳ የሚሆኑ የላባና የሣር ጎጆዎች ተያይዘው ተሠርተዋል፤ ማታ ማታ ጥቋቁር ወፎች እየጮኹ ይዞሯቸዋል። ከተፈጥሮ ክበባችን ተማሪዎችና ከመንደሩ ወጣቶች አሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበን ልንከታተላቸው ወስነናል። ጎጆዎቹን በየወሩ ብንቆጥር ይበቃል? በመሰላል ወጥተን እንቁላሎቹን ማየትስ እንችላለን? በክረምቱ ደግሞ ሕንፃው ቀለም ሊቀባ ነው፤ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ውድ መምህር፤ ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ አጭር መልስ ያለው ሁለተኛው ስለሆነ በእሱ ልጀምር፤ በመሰላል አትውጡ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ። የቀሩት ሁለቱ ግን መልሳቸው ከወፎቹ አኗኗር የሚነሣ በመሆኑ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

በኮንክሪት ሕንፃ በረንዳ ሥር ጎጆን ከጎጆ አያይዞ በመንጋ የሚሠራው፣ በከተሞቻችንም በብዛት የሚታየው፣ ትንሹ ስዊፍት የሚባለው ወፍ ነው። ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አካሉ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ ነው፤ ጅራቱ ከጀርባው በሚገናኝበት ቦታ እስከ ጎኖቹ የሚዘልቅ ሰፊ ነጭ ቀበቶ አለው፤ የጅራቱ ጫፍም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይህን ወፍ ከሚመስሉት መለየት አለባቸው። ከሚመስሉት አንዱ ሌላ የስዊፍት ዝርያ ነው፤ ነጭ ቀበቶው ጠባብ፣ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ጎጆ በመሥራት ፈንታ ጨረባ በጭቃ የሠራችውን ጎጆ ነጥቆ መግቢያውን በላባ ይለብጠዋል። ሁለተኛዋ ራሷ ጨረባ ናት። ስዊፍትና ጨረባ ሁለቱም በአየር ላይ ነፍሳት እያደኑ ስለሚኖሩ ይመሳሰሉ እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ለተማሪዎች የምሰጠው መለያ አንድ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደርድሮ ያያችሁት ወፍ ስዊፍት አይደለም። የስዊፍት እግር እጅግ አጭር፣ ጣቶቹም ወደ ፊት የዞሩ በመሆናቸው ሸካራ ግድግዳ ላይ መንጠልጠል ይችላል፤ ሽቦ ጨብጦ መቀመጥ ግን አይሆንለትም።

አንድ ሌላ ወፍም ቆጠራውን ሊያምታታ ይችላል። ክረምታቸውን በአፍሪካ የሚያሳልፉት የአውሮፓ ስዊፍቶች በመስከረምና በጥቅምት፣ ሲመለሱም በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ በአገራችን ሰማይ ያልፋሉ። እነዚህ ከትንሹ ስዊፍት የሚበልጡ፣ ጀርባቸው ላይ ነጭ የሌለባቸውና ጅራታቸው የተሰነጠቀ ናቸው፤ በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት ከዓመቱ አሥሩን ወር ያህል ሳያርፉ በአየር ላይ ሊቆዩ እንደሚችሉ ታውቋል። እዚህ አይራቡም። በላያችሁ ሲያልፉ ካያችሁ «ትልልቅ ጥቁር ስዊፍት፣ በላይ አለፈ» ብላችሁ ለብቻ ጻፉ እንጂ ከጎጆው ነዋሪዎች ጋር አትደምሯቸው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚራቡ ተመሳሳይ ጥቁር ዝርያዎችም ስላሉ ከዚህ ያለፈ ስም ለመስጠት ባትቸኩሉ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ጎጆዎቹን በየወሩ ብንቆጥር ይበቃል?» ላሉት መልሴ አይበቃም ነው፤ እንዲያውም ከምትሰበስቡት መረጃ ሁሉ ትንሽ ነገር የሚናገረው የጎጆዎቹ ቁጥር ይመስለኛል። ትንሹ ስዊፍት መሬት ወርዶ ጭድ አይለቅምም፤ ነፋስ ያነሣውን ላባና የሣር ብጣሽ በአየር ላይ እየቀለበ በምራቁ ያጣብቀዋል። እንዲህ ተለፍቶበት የተሠራ ጎጆ ከአንድ የመራቢያ ወቅት በኋላ አይጣልም፤ እየተጠገነ ለዓመታት ያገለግላል፤ የማይራቡበት ጊዜም ቢሆን ወፎቹ ያድሩበታል። ስለዚህ ሠላሳ ጎጆ አላችሁ ማለት ሠላሳ ጥንድ እየተራባ ነው ማለት አይደለም። ከፊሉ የመኝታ ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉን ድንቢጦች ወስደውት ይሆናል፤ ከፊሉ ደግሞ ማንም የማይገባበት አሮጌ ጎጆ ነው። የወፎቹ ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የጎጆዎቹ ቁጥር ለረጅም ጊዜ እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ የእናንተም መዝገብ ምንም እንዳልተፈጠረ ይናገራል።

ማወቅ የሚገባችሁ በየትኛው ጎጆ ማን እንደሚገባና ምን ለማድረግ እንደሚገባ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓይነት ክትትል ያስፈልጋል፤ አንዱ የማታ፣ ሌላው የጠዋት።

የማታው ወደ መኝታ የሚገቡትን መቁጠር ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ቦታችሁን ይዛችሁ ወፍና ግድግዳ መለየት እስኪያቅታችሁ ድረስ ትቆያላችሁ። መነሻችሁ የፀሐይ መጥለቂያ ይሁን እንጂ ቋሚ ሰዓት አይሁን፤ በሐዋሳ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመት ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በኅዳርና በሐምሌ በተመሳሳይ ሰዓት የተደረገ ቆጠራ አይነጻጸርም። አሥራ ሁለት ሰው ስላላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እያንዳንዱ ጥንድ አምስት ጎጆ ቢይዝ ይበቃል፤ አንዱ ዓይኑን ከጎጆው ሳይነቅል ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። ሁለቱንም ልሥራ ያለ ሰው ደብተሩን በተመለከተበት ቅጽበት የገባው ወፍ ያመልጠዋል፤ ስዊፍት ወደ ጎጆው የሚገባው በአንድ ጊዜ ተወርውሮ ነውና።

ጎጆዎቹን ግድግዳው ላይ በቀለም ወይም በጠመኔ አትቁጠሯቸው። በረንዳውን ከፊት ለፊት ፎቶ አንሥታችሁ በትልቁ አሳትሙና በፎቶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ስጧቸው፤ በመካከል አዲስ ጎጆ ቢሠራ «7ሀ» ይባል እንጂ የቀድሞዎቹ ቁጥር አይነካ። የምትቆሙበትም ቦታ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ መሬት ላይ ድንጋይ ተክላችሁ ብታመለክቱት በሚቀጥለው ዓመት የሚተካችሁ ልጅ አይሳሳትም። ከጎጆዎቹ ትክክል ሥር ከመቆም ከግድግዳው አሥራ አምስት ሜትር ያህል መራቅ ይሻላል፤ ስዊፍት ከጎጆው የሚወጣው ወደ ታች በመውደቅ ፍጥነት አግኝቶ ስለሆነ ሥሩ ያለው ክፍት ቦታ መንገዱ ነው።

የአንድ ምሽት መዝገብ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይዎ። «ሰኔ 7፣ ከ12፡10 እስከ 1፡00 ማታ፣ ምዕራብ በረንዳ፣ ጥቂት ደመና፣ ከሐይቁ ቀላል ነፋስ። ጎጆ 7፦ 12፡31 አንድ ገባ፤ 12፡33 ወጣ፤ 12፡48 ሁለት ተከታትለው ገቡ፤ አልወጡም። ጎጆ 8፦ ድንቢጥ ገባች፤ ከመግቢያው ረጅም ሣር ተንጠልጥሏል። ጎጆ 9፦ እንቅስቃሴ አልታየም።» በጎጆ 7 ቢያንስ ሁለት ወፎች አድረዋል ማለት ይቻላል፤ ከዚህ አልፎ «ጥንድ፣ ጫጩት ያላቸው» ማለት ግን ከማታ ቆጠራ አይገኝም። ለጎጆ 9 «ባዶ» ተብሎ አለመጻፉን ያስተውሉ። እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት የገባች፣ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ወፍ ሙሉ ሰዓቱን ላትወጣ ትችላለች። «አልታየም» ያያችሁት ነው፤ «ባዶ» ግን ግምት ነው። ምንም ያልታየበትን ምሽትም እንዲሁ መዝግቡት፤ ብዙ የበጎ ፈቃድ መዝገቦች ጥቅማቸው የሚቀንሰው ወፍ የታየበት ቀን ብቻ እየተጻፈ የሌለበት ቀን ስለሚዘለል ነው።

የጠዋቱ ክትትል ዓላማ ጫጩት መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ስዊፍት ለጫጩቶቹ ነፍሳትን አንድ በአንድ አያመላልስም፤ ብዙ ነፍሳት በጉሮሮው አጠራቅሞ በምራቁ እንደ እንክብል ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። በሩቅ ማያ መነጽር ሲታይ የሚመገበውን ይዞ የሚመጣ ወፍ ከአገጩ ሥር ጉሮሮው አብጦ ይታያል፤ ገብቶም ብዙ ሳይቆይ ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት ከጎጆው ውስጥ ቀጭን የጫጩት ጩኸት ይሰማል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ «ጫጩት አለ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። በኋላ ጫጩቱ ሲያድግ ፊቱን በመግቢያው ስለሚያወጣ ጥርጣሬ አይኖርም። ነገር ግን በአንድ ጉዞ ብዙ ስለሚያመጡ ምልልሳቸው ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ ማንም ባይገባ ተስፋ አትቁረጡ። በተለይ በዝናብ ቀን ነፍሳት ስለማይበሩ ወላጆቹ ርቀው ይሄዳሉ። የአውሮፓው ስዊፍት ጫጩቶች እንዲህ ባለ ጊዜ የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ አድርገው ያለ ምግብ ቀናት እንደሚቆዩ በጥናት የታወቀ ስለሆነ፣ የምልልስ መቀነስን ወዲያው «ጫጩቶቹ ሞቱ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው።

እንቁላል ከተጣለ ጀምሮ ጫጩቱ እስኪበር ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህሉ የመታቀፊያ ሲሆን የቀረው በጎጆ ውስጥ የማደጊያ ነው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ከሄዳችሁ ለአንድ ጎጆ ጫጩቶች የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ጉብኝት ብቻ ስለሆነ፣ ምልልሳቸው ዝግ ባለበት ቀን ከገጠማችሁ ሊያመልጧችሁ ይችላሉ። በየአሥር ቀኑ መሄድ ለሥራውም ይበቃል፣ ልጆቹንም አያሰለችም።

የቆጠራችሁን ጥራት ለመለካት የሚያስችል ቀላል ዘዴም አለ፤ ብዙ ቡድኖች ሲዘሉት ስለማይ እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። በወር አንድ ምሽት ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ሳይነጋገሩ እነዚያኑ አምስት ጎጆዎች ይቁጠሩ። አንዱ ቡድን ዘጠኝ ወፍ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ካለ፣ በሚቀጥለው ወር የሚታይ የሦስት ወፍ ለውጥ የወፎቹ ሳይሆን የዓይናችሁ ልዩነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳይደብቁ ከመዝገቡ ጋር ማስቀመጥ ያስከብራችኋል እንጂ አያሳፍራችሁም። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ሦስት ሰው ቢቆጥረው ሦስቱም ተመሳሳይ ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ፤ በሰዓት ብዙ ኪሎ ሜትር እየበረረ በምሽት የሚመጣ ወፍ ግን እንዲያ አይደለም።

ማታ እየጮኸ የሚዞረውን መንጋም በተናጠል መዝግቡት፤ በአንድ ጊዜ የታየው ትልቁ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። በመንጋው ውስጥ ገና ያልተራቡ ወጣት ወፎች ስለሚኖሩ ይህን ቁጥር ለሁለት አካፍሎ «የጥንዶች ብዛት» ማለት አይቻልም።

ዘመን አቆጣጠርን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ልጆቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና ሰዓት ይጻፉ፤ የለመዱት እሱ ስለሆነ ስሕተት ይቀንሳል። ነገር ግን በየገጹ ራስ «ዓ.ም.» መሆኑና ሰዓቱም የኢትዮጵያ መሆኑ ይገለጽ፤ የወፍ ምልከታ ወደሚመዘገብበት ኢበርድ የተባለ ድረ ገጽ ወይም ለውጭ ተመራማሪ ሲላክ አንድ ሰው ብቻ ይቀይረው፣ የመጀመሪያው ወረቀትም አይጣል። «12፡48» የሚለው ማታ ይሁን እኩለ ቀን ካልታወቀ የዓመት ልፋት በአንድ ተራ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል።

በእንግሊዝ አገር መንደሮች በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን አንብባችሁ ከሆነ ከእነሱ የሚወሰድም የማይወሰድም አለ። የዚያ አገር ስዊፍት እጅግ እየቀነሰ በ2021 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ቀይ መዝገብ ስለገባ፣ ሰዎች ሰው ሠራሽ የጎጆ ሣጥን እየሰቀሉ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ይቆጥራሉ። የምሽት አቆጣጠሩን ውሰዱ፤ ወራቱን ግን ተዉት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ባለ ቦታ የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ መራባትን የሚወስነው በዋናነት የዝናብና የነፍሳት መብዛት ነው። በበልጉም በክረምቱም፣ በበጋውም ሳታቋርጡ ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሸን የፈላበትን ቀን፣ ከሐይቁ ትንኝ በደመና የተነሣበትን ምሽት ጻፉ። የእናንተ መዝገብ ለሳይንሱ የሚጨምረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል። ሣጥን መስቀሉንም ተዉት፤ እነዚህ ወፎች ጎጆ የመሥሪያ ቦታ አላጡም።

ወደ መሰላሉ ልመለስ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ማማ ላይ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠኑት ስዊፍቶች እንቁላላቸው የሚታየው ሣጥኖቹ ከማማው ውስጥ በኩል በመስታወት ስለሚታዩ ነው። የእናንተው ጎጆ ግን ዙሪያው የተዘጋ፣ መግቢያው ጠባብ ነው፤ ውስጡን ለማየት ግድግዳውን መስበር ወይም በጎረቤቱ ጎጆ ላይ መደገፍ ግድ ይላል። የሚገኘውም ሁለት ወይም ሦስት ነጭ እንቁላል ማየት ብቻ ነው፤ የሚጠፋው የሳምንታት ሥራ ከመሆኑም በላይ ወላጆቹ ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። የስልክ ካሜራን በእንጨት አስሮ ወደ መግቢያው መስደድም ሆነ የወፎቹን ድምፅ በስልክ ማጫወት ከዚህ አይለይም። ወፍ መያዝና ቀለበት ማሰር ደግሞ የዱር እንስሳት ባለ ሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣውን አዋጅ ከተማሪዎቹ ጋር ብታነቡት አይከፋም።

ወድቆ የተገኘ ወፍ ግን እጅ መንካቱ አይቀርም። ክንፎቹ ሲታጠፉ ጫፋቸው ተመሳቅሎ ከጅራቱ ካለፈ መብረር የሚችል ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ በተዘረጋ መዳፍ ከራስ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙትና ራሱ እስኪነሣ ጠብቁ፤ በፍጹም ወደ ላይ አትወርውሩት። ላባው ገና በቅርፊት ውስጥ ያለ ጫጩት ከሆነና ጎጆው ከታወቀ፣ አንድ አዋቂ ሰው ብቻ በመሰላል ወጥቶ ይመልሰው፤ መሰላል የፈቀድሁት ለዚህ ብቻ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት ወይም ጥራጥሬ አይሰጠው፤ ውኃም ወደ አፉ አይፈስስ፤ በመንቁሩ ጠርዝ አንድ ጠብታ ይበቃል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከርእሰ መምህሩና ከሥራ ተቋራጩ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ መወጣጫ እንጨት ከተተከለ በኋላ የሚነሣ ክርክር ብዙ ጊዜ በወፎቹ ሽንፈት ያልቃል። የምትጠይቁት ነገር አነስተኛ መሆኑን አስረዷቸው። በሮች፣ መስኮቶችና የታችኛው ግድግዳ በተለመደው ጊዜ ይቀቡ፤ የበረንዳው ሥር ግን በመጨረሻ ይሁን፤ ጎጆዎቹ ካሉበት ክፍል ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ሳይቀባ ቢቀር የሚያየውም ጥቂት ሰው ነው። ልስኑ እየፈረሰ የግድ መጠገን ካለበት፣ ጫጩት ባልታየበት በኩል ግማሹ ዘንድሮ፣ የቀረው በሚመጣው ዓመት ይሠራ፤ በዚህ ጊዜ የእናንተ የጠዋት መዝገብ የትኛው ወገን አሁን ሊነካ እንደሚችል የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃ ይሆናል። መግቢያዎቹን በመረብ ወይም በጋዜጣ መድፈን ለጊዜው መፍትሔ ይምሰል እንጂ ውስጥ ያሉትን በረኃብ ይገድላል።

አብዛኛውን ጊዜ ጎጆ ለማፍረስ የሚቀርበው ሰበብ ኩስ ነው፤ ቅሬታውም አግባብነት አለው፤ ልጆች ከሥሩ ይመላለሳሉና። ከሰው ራስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከጎጆዎቹ ግን በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ጠባብ ጣውላ ኩሱን ይቀበላል፤ የወፎቹን መውረጃ እንዳይዘጋ ከግድግዳው ብዙ አይውጣ። ሲጠረግ አቧራው እንዳይተን አስቀድሞ ውኃ ይረጭበት፣ የሚጠርገውም ሰው አፍንጫና አፉን ይሸፍን። የማታ ቆጠራው 1 ሰዓት ገደማ ስለሚያልቅ ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይመለሱ ከወላጆቻቸው ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቁጥር የተሰጠበትን ፎቶ አንድ ቅጂም ለቀለም ቀቢዎቹ አለቃ ስጡት፣ ጫጩት ያለባቸውን ጎጆዎች በቀይ አክብባችሁ።